ትልቅ ተሳቢ የሚጎትት መኪና አመራረጥ፦ ከድሬዳዋ ለሚነሳ ሰው ሙሉ መመሪያ

የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ስንት ፈረስ ጉልበት ልግዛ?» እኔም መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ተሳቢህን አሳየኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ የሳቢያን ልጅ የሚያምር ጎታች ገዝቶ መጣ። 420 ፈረስ ጉልበት፣ ቀለሙ ገና የሚያበራ። ተሳቢው ስር ሲያስገባው ግን አልያዘም። የተሳቢው ፒን (ከጎታቹ ጋር የሚያያዝበት ብረት) ባለ 50 ነው፤ የጎታቹ መንጋጋ (ፒኑን ይዞ የሚቆልፈው) ባለ 90። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ደላላው ስልክ አያነሳም። በሜትር አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ልኬት ነበር የቀረው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ። መጀመሪያ ጭነቱ፣ ቀጥሎ ተሳቢው፣ ከዚያ መንገዱ፣ መኪናው መጨረሻ ላይ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ተሳቢው የሚቀመጥበትን፣ ከጎታቹ ጀርባ ላይ ያለውን ክብ ብረት ከዚህ በኋላ «ሳህኑ» እለዋለሁ። ከተሳቢው ሆድ ወደ ታች የወጣውን ኪንግ ፒን ደግሞ «ፒኑ»።

ከቤት ስትወጡ የምትይዙት

ሜትር፣ ካሊፐር፣ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ የጎማ አየር መለኪያ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ፍሬን የሚረግጥላችሁ አንድ ሰውም ያስፈልጋል። ያ ሰው የሻጩ ረዳት ባይሆን ይመረጣል።

ደረጃ 1፦ ጠቅላላ ክብደቱን ደምሩ

1. የምትጭኑትን ከባዱን ጭነት ጻፉ። ኮንቴይነር ከሆነ በሩ ላይ ተጽፏል። አብዛኛው ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ከነጭነቱ እስከ 30,480 ኪሎ ይፈቀድለታል።
2. የተሳቢውን ባዶ ክብደት ጨምሩ። ባለ ሦስት አክስል ሃይቤድ (ከፍ ያለው ጠፍጣፋ ተሳቢ) ከሆነ 8 ቶን ገደማ ያዙ። ሎቤድ (ዝቅ ያለው) ከዚህ ይከብዳል።
3. የጎታቹን ባዶ ክብደት ጨምሩ። 6 በ4 (ከስድስቱ የጎማ ቦታዎች አራቱ የሚገፉ) ከሆነ 9 ቶን ገደማ ነው።

ድምሩ 47.5 ቶን ገደማ መጣ። መኪናው መቻል ያለበት ይህን ነው።

«400 ኩንታል ይጭናል» ሲሏችሁ በደንብ አስቡ። 400 ኩንታል 40 ቶን ነው። ተሳቢና ጎታች ሲጨመርበት 57 ቶን ይሆናል። ሻጩ የሚነግራችሁ የጭነቱን ብቻ ነው፤ ሞተሩና ፍሬኑ የሚሸከሙት ግን ሁሉንም ነው።

ደረጃ 2፦ ተሳቢውን ለኩ

ተሳቢ ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ምረጡ። ካላችሁ ደግሞ ሜዳ ላይ አቁሙት፣ በታኮ ያዙት፣ ከዚያ ለኩ።

*የፒኑ ውፍረት።* ግራሶውን በጨርቅ ጥረጉና ቀጭኑን አንገት በካሊፐር ያዙ። ባለ 50 የሚባለው አዲስ ሲሆን 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። 49 ከደረሰ አልቋል፣ ይቀየራል። ባለ 90 የሚባለው አዲሱ 89 ነው፤ 86 ላይ ይቀየራል። አንድ አቅጣጫ ብቻ አትለኩ። ፒን የሚበላው እኩል አይደለም፤ ከፊትና ከኋላም፣ ከግራና ከቀኝም ለኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለ 50 ፒን ላይ ቀለበት አበይዶ ባለ 90 መንጋጋ ውስጥ የማስገባት ነገር አለ። አታድርጉት። ብየዳው የፒኑን ብረት ያደርቀዋል፣ ቀን ጠብቆም ይሰነጠቃል። ፒኑ የማይገጥም ከሆነ የጎታቹን ሳህን በትክክለኛው ቀይሩ።

*ከፍታው።* ተሳቢው ቀጥ ብሎ በቆመበት ከመሬት እስከ ፒኑ መነሻ ብረት ለኩ። ከዚያ ልትገዙት ያሰባችሁትን መኪና የሳህን ከፍታ ለኩ። ጎታቹ ባዶ ሲሆን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሲጫን ባሌስትራው ይወርዳል። ልዩነቱ ሲበዛ ተሳቢው አፍንጫውን ሽቅብ ወይም ቁልቁል ያደርጋል። አፍንጫው ሽቅብ ከሆነ የባሌስትራ ተሳቢ የመጨረሻ አክስል ከድርሻው በላይ ይሸከማል። እዚያ ያለው ጎማ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ በሚወስደው የደወሌ መንገድ እኩለ ቀን ላይ ሲፈነዳ ሰው ጎማውን ይረግማል። ጥፋቱ የከፍታው ነው።

*የማዕዘኑ ርቀት።* ከፒኑ መሃል እስከ ተሳቢው የፊት ማዕዘን ሜትር ዘርጉ። በአውሮፓ መለኪያ ይህ ከ2,040 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እዚህ ያሉ ተሳቢዎች ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። ከዚያ ጎታቹ ላይ ከሳህኑ መሃል እስከ ጋቢናው ጀርባ ለኩ። የጋቢናው ርቀት ካልበለጠ ስትታጠፉ ማዕዘኑ ጋቢናውን ይመታል። የነዳጁ ሰልባቲዮና የአየር ጋኖች አካባቢም እጃችሁን አስገብታችሁ ፈትሹ።

ደረጃ 3፦ መንገዳችሁን ቁጠሩ

ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል፤ ያውም በዚያ ሙቀት። ወደ ሐረር ከቀጠለ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ የሚጎትት፣ የማይፈላ፣ ሲወርድ የሚቆም። ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

*ፈረስ ጉልበት።* አንድ ስሌት ሠርቻለሁ። ጠቅላላ 50 ቶን፣ 100 ሜትር ስትሄዱ 6 ሜትር የሚያወጣ ዳገት። ባለ 371 መኪና በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። ባለ 420ው 29 ገደማ። ልዩነቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው! ለዚያ ልዩነት ብላችሁ የተጎዳ ፍሬን ያለው ባለ 420 አትግዙ።

*የዲፈረንሻል ቁጥር።* ጎማው አንዴ እንዲዞር ካርዳኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚናገረው ቁጥር ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ከፈረስ ጉልበት በፊት አደርገዋለሁ። ለምሳሌ ሃዎ ሲኖትራክ በ4.42ም በ4.8ም በ5.73ም ይመጣል። ቁጥሩ ሲያድግ ዳገት ላይ ይበረታል፣ ሜዳ ላይ ሞተሩ ይጮሃል። ጎማው 315/80 ሆኖ የመጨረሻው ማርሽ አንድ ለአንድ ከሆነ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ 4.42ቱ 1,800 ዙር ገደማ ያዞራል። 5.73ቱ ግን 2,300 ያልፋል፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥበት 2,200 ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ኑሯችሁ የደወሌ መንገድ ከሆነ ትንሹን ቁጥር ፈልጉ። ሲሚንቶ ወደ ሐረርና ወደ ጭሮ የምታወጡ ከሆነ ትልቁን። ሁለቱንም የምትሠሩ ከሆነ የመሃሉን።

ቁጥሩን ሻጩ ካላወቀ በሜዳ በመጨረሻው ማርሽ 60 ላይ ንዱና ዙር ቆጣሪውን እዩ። 1,350 አካባቢ ከሆነ 4.42 ነው፤ 1,750 አካባቢ ከሆነ 5.73።

*የሚገፋ አክስል።* ለ47 ቶን 6 በ4 ግዙ። 4 በ2 ሜዳ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ዝናብ ያረጠበው ዳገት ላይ ግን ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል።

ደረጃ 4፦ ፕሌቱን አንብቡ

የሾፌሩን በር ክፈቱ። በሩ ፍሬም ላይ ወይም ጋቢናው ውስጥ የተለጠፈ ብረት አለ። እዚያ ላይ የመኪናው ከፍተኛ ክብደት፣ ከነተሳቢው የሚፈቀድለት ክብደትና ከፋብሪካ የወጣበት ዘመን ይገኛል። ደረጃ 1 ላይ ከደመራችሁት ጋር አስተያዩ። ፕሌቱ ያነሰ ከሆነ እዚያው ጨርሱ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ሂዱ። ፕሌቱ ተነቅሎ ከሆነ ለምን እንደተነቀለ ጠይቁ። መልሱ ካላሳመናችሁ ሌላ መኪና አለ።

ጎማም ላይ ጽሑፍ አለ። 315/80 ላይ «156/150» ካያችሁ ነጠላው 4,000 ኪሎ፣ ጥንዱ እያንዳንዱ 3,350 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። «DOT» ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ደግሞ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። «2319» ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት። ጥርሱ ገና ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ በኛ ፀሐይ ዕድሜ የለውም።

ደረጃ 5፦ ሞተሩን ጠዋት፣ ሳይነሳ ድረሱበት

ለሻጩ «ሳታስነሳ ጠብቀኝ» በሉት። ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ በማግስቱ ተመለሱ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል።

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ዘይት ከተንሳፈፈበት ቴስታታውን ወይም ጎርኒሲዮኑን ጠርጥሩ። ውስጡ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ከሆነ ኩላንት ሳይሆን ቧንቧ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ነው።
2. አስነሱ። ትንሽ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ ምንም አይደለም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካልቆመ ውሃ እየገባ ወይም ናፍጣው በደንብ ሳይነድ እየወጣ ነው።
3. ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን አላሉ። እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል።
4. የራዲያተሩን ፊት በባትሪ እዩ። የድሬ አሸዋ ክንፎቹን ደፍኗቸው ይሆናል። ይህ በውሃ ታጥቦ የሚድን ነው፤ ዋጋ ለመቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ደረጃ 6፦ ሻንሲውንና ሳህኑን ተኝታችሁ እዩ

ልብሳችሁ ይቆሽሽ። ታኮ አድርጉና ከሥር ግቡ።

ሻንሲው ላይ አዲስ ቀለም ካያችሁ በጣታችሁ ዳሱ። ከቀለም ሥር የብየዳ እብጠት ይገኛል። ሳህኑ የታሰረባቸውን ቡሎኖች አንድ በአንድ እዩ። ዙሪያቸው የዝገት እንባ የመሰለ መስመር ካለ ሲንቀሳቀሱ ኖረዋል። ባሌስትራ ውስጥ የተሰበረ ቅጠል ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ፣ ማሰሪያው አጠገብ ነው።

ከዚያ የሳህኑ ቦታ። መሃሉ ከሁለቱ የኋላ አክስሎች መሃል ትንሽ ወደ ፊት መሆን አለበት። በዚህ እኔ ዋጋ ከፍያለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ተሳቢው ጋቢናውን እንዳይመታ ብሎ ሳህኑን ወደ ኋላ ገፍቶ አሰረልኝ። ባዶውን ምንም አልነበረውም። ጭኜ ደንገጎን ስወርድ የመጀመሪያው ጠባብ ኩርባ ላይ መሪው በእጄ ቀለለ። አዞርኩት፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ማየቱን ቀጠለ። ጭነቱ ከኋላ ተንጠልጥሎ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት ሊያነሳ ደርሶ ነበር። በማርሽ ቀስ ብዬ ስለወረድኩ ተረፍኩ። ያን ቀን ከዚያ በላይ ፍጥነት ብይዝ ኖሮ ይህን አልጽፍላችሁም።

በሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል፦

1. ጎታቹን ብቻውን መዝኑ። ለምሳሌ 9,200 ኪሎ።
2. የፊት አክስሉን ብቻ መዝኑና ጻፉ።
3. የተጫነ ተሳቢ ያዙና የጎታቹን ጎማዎች ብቻ ሚዛን ላይ አውጡ። ለምሳሌ 23,600።
4. ቀንሱ፦ 14,400 ኪሎ። ሳህኑ ላይ የሚያርፈው ይህ ነው። ሳህኑ ላይ ከተጻፈው አቅም መብለጥ የለበትም።
5. የፊት አክስሉን ደግማችሁ መዝኑ። ከበፊቱ ከቀነሰ ሳህኑ ወደ ኋላ ሄዷል። ሳይስተካከል አትንዱት።

ደረጃ 7፦ አየሩንና ፍሬኑን ፈትሹ

አየሩ እስከ 8 ባር ገደማ ይሙላ። ሞተሩን አጥፉ። ተሳቢው እንደተያያዘ ሰውየው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ አየር እየፈሰሰ ነው። ጸጥ አሰኙና በጆሯችሁ ፈልጉት፤ የሳሙና ውሃ ስትቀቡ አረፋው ቦታውን ያሳያል። ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ከሆነ ርካሽ ነው። ከቫልቭ ከሆነ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ቀጥሎ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ፍሬኑን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ አየሩን አውርዱ። 4 ባር አካባቢ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው መጮህ ወይም መብራት አለበት። ሽቦው ተቆርጦ ዝም የተባለ መኪና ብዙ አይቻለሁ።

አሁን አየሩን መልሳችሁ ሙሉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ በታኮ ይዛችሁ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁና ጠመኔውን አውጡ። ከፍሬኑ የአየር ክፍል የሚወጣው ዘንግ ላይ፣ ከመውጫው አጠገብ ምልክት አድርጉ። ሰውየው ይርገጥ። ምልክቱ ምን ያህል እንደሄደ ለኩ። ባለ 30 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ካለፈ ይስተካከል፤ ተስተካክሎም ካለፈ የፍሬን ሸራው ወይም ታምቡሩ አልቋል። የተሳቢውንም ሁሉንም ጎማ እንዲሁ አድርጉ። ተሳቢውን የሚረሳ ሰው ግማሹን ፍሬን ረስቷል።

የሞተር ፍሬኑ መሥራቱን ሳታረጋግጡ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። ስታበሩት የሞተሩ ድምፅ መቀየር አለበት። ደንገጎ ላይ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው፤ የእግር ፍሬን የእሱ ረዳት ነው።

ደረጃ 8፦ ከነጭነቱ ወደ ደንገጎ

ሻጩ «ባዶውን ሞክረው» ካለ ተሰናበቱት። በማለዳ ውጡ። የጫት መኪኖች በሚበሩበት ሰዓት ኩርባው ላይ ቀስ የሚል ከባድ መኪና ይዞ መገኘት ጥሩ አይደለም።

*ሲወጣ፦* አንድ ማርሽ ያዙ፣ ዓይናችሁ ሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። ከ80 እስከ 95 ዲግሪ መካከል ቢቆይ ደስ ይበላችሁ። መውጣቱን ካላቆመ ዳር ይዛችሁ አቁሙ፣ ታኮ አድርጉ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ይሥራ። ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ፤ የሚፈነጥቀው ውሃ ፊት ይልጣል። የፍሪሲዮን ሽታ ከመጣ፣ ወይም ዙሩ ጨምሮ መኪናው ካልጨመረ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

*ሲወርድ፦* ከመውረዳችሁ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ያዙ። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ማርሽ ለመቀየር አትሞክሩ፤ ካልገባ በዜሮ ትቀራላችሁ። ካምቢዮው ማርሽ የሚተፋ ከሆነም የሚታየው እዚህ ነው። የእግር ፍሬኑ ከተነካ ጠንከር ተደርጎ ይረገጥ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይለቀቅ። ሳትለቁ ለረጅም ጊዜ አትርገጡ።

*ታች እንደደረሳችሁ፦* ወዲያው ውረዱና የሁሉንም ጎማ ታምቡር ሙቀት ለኩ። መሣሪያ ከሌለ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ፣ አትንኩ። ሁሉም እኩል መሞቅ አለባቸው። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ፍሬኑ አይሠራም፤ የሌሎቹን ሸክም ጨምሯል። አንዱ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ አይለቅም ወይም ኩሽኔታው እያለቀ ነው። ሌላው ሁሉ ሐሰት ቢሆን ይህ ልኬት እውነቱን ያወጣል።

ደረጃ 9፦ ወረቀቱ

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ፤ በፎቶ አትቀበሉ። ፊደሎቹ የተፋቁ ወይም የተንጋደዱ ከሆነ አቁሙ። እዳና እገዳ እንደሌለበት ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ተዋዋሉ። የተሳቢው ሊብሬ የብቻው ነው፤ እሱንም ጠይቁ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው መያያዝና የመጀመሪያው ጉዞ

1. የተሳቢውን ጎማ በታኮ ያዙ። ከፍታውን በእግሩ አስተካክሉ፤ ሳህኑ ተሳቢውን ትንሽ ነክቶ ከፍ እያደረገ መግባት አለበት። ተሳቢው በጣም ከፍ ካለ ፒኑ መንጋጋውን ዘሎ ያልፋል።
2. ቀጥ ብላችሁ በዝግታ ወደ ኋላ ግቡ።
3. በትንሹ ማርሽ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ሳብ አድርጉ። ከለቀቀ መልሱና ግራሶና ቆሻሻ መንጋጋውን ይዞት እንደሆነ እዩ።
4. ወርዳችሁ ከኋላ በባትሪ እዩ። መንጋጋው የፒኑን አንገት መያዝ አለበት። በሳህኑና በተሳቢው መካከል ብርሃን ካለፈ አልተያያዘም። «ጠቅ» ያለውን ድምፅ አትመኑ፤ ዓይናችሁን እመኑ።
5. ቀዩንና ቢጫውን የአየር ቱቦ፣ የመብራቱንም ገመድ አያይዙ። ከዚያ እግሩን ሙሉ በሙሉ አንሱ፣ መብራቶቹን አስፈትሹ።
6. የጎማ አየር ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ሙሉ። መንገድ ላይ ሞቆ ከፍ ብሎ ብታዩት አታስተንፍሱ፤ ሲቀዘቅዝ ያንሳል።

የተቀየረ ጎማ ካለ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቁሙና ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ። ወደ ደወሌ የምትሄዱ ከሆነ ፀሐዩ ሳይበረታ ከከተማ ውጡ፣ የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ውረዱ፣ ሁሉንም ታምቡር እንደገና በእጃችሁ ጀርባ ፈትሹ።